ለውበት ቀዶ ሕክምና ወዴት? ኢስታንቡል፣ ባንኮክ፣ ዴልሂ፣ ዱባይ ወይስ እዚሁ አዲስ አበባ

“ቱርክ ይሻላል ወይስ ታይላንድ?” ብሎ የሚጀምር ሰው ጥያቄውን ከጅራቱ ይዞታል። ቀዶ ሕክምና የሚሠራው ሐኪም ነው፤ አገር አይሠራም። ኢስታንቡል ውስጥ በሙያቸው አንቱ የተባሉ ሐኪሞች አሉ፤ በዚያው ከተማ ደግሞ ሐኪሙ ስሙን ብቻ ያከራየበት፣ መቁረጡንና መስፋቱን ግን ሌላ ሰው የሚሠራበት ክሊኒክ አለ። ባንኮክም ዴልሂም ማያሚም ከዚህ አያመልጡም። ስለዚህ እዚህ አገሮቹን የማወዳድረው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ፣ በሃያኛው ቀን ቁስሉ ቢያመረቅዝ የሚያየው ማን ነው? የዋጋው፣ የሆቴሉ፣ አየር ማረፊያ ድረስ መጥቶ የሚቀበለው መኪና ነገር ከዚያ በኋላ ይመጣል።

መጀመሪያ የሚሠራው ነገር

የውበት ቀዶ ሕክምና በአንድ ስም ይጠራ እንጂ በውስጡ ያለው እጅግ የተራራቀ ነው። በአካባቢ ማደንዘዣ የፀጉር ንቅለ ተከላ ያደረገ ሰው በማግሥቱ ፋሻው ይፈታለታል፤ ፀጉሩ ይታጠብለታል፤ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ሊሳፈር ይችላል። ሆዷን ያስተካከለች ሴት ግን በሙሉ ሰመመን ለሰዓታት ቆይታ ነው የምትነቃው። ለቀናት ጎንበስ ብላ ትራመዳለች፤ ብዙ ጊዜም ከቁስሉ ፈሳሽ የሚያወጣ ቱቦ ከጎኗ ይንጠለጠላል፤ ደም እንዳይረጋባት መርፌ ልትወጋ ትችላለች። የሁለቱን የጉዞ ውሳኔ በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይቻልም።

የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ከጡት ቀዶ ሕክምና በኋላ ከ5 እስከ 7 ቀን፣ ከፊትና ከሆድ በኋላ ከ7 እስከ 10 ቀን ሳይሳፈሩ መቆየትን ይመክራል። ምክንያቱ የደም መርጋት ነው። ቀዶ ሕክምናው ራሱ ደምን ለመርጋት ያመቻቸዋል፤ ረጅም ሰዓት እግርን አጥፎ መቀመጥ ይጨምርበታል፤ እግር ውስጥ የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ከደረሰ ሰው ይገድላል። የተጠቀሱት ቀናት ደግሞ ዝቅተኛዎቹ ናቸው። የጥቅል ዋጋ የሚሸጥ ክሊኒክ “አምስት ሌሊት ሆቴልን ጨምሮ” ሲል ለሆድ ማስተካከያ የሚበቃ ጊዜ አልሰጠም። ለዚህ ሥራ ሦስት ሳምንት እዚያው መቆየት ለማይችል ሰው ምክሬ አጭር ነው፤ አይሂድ።

ርቀት ሌላም ጣጣ አለው፤ ሰውን ያስደራርበዋል። ቲኬት ተቆርጦ፣ ከሥራ ፈቃድ ተወስዶ፣ ልጆች ለእናት አደራ ተሰጥተው ከተሄደ በኋላ “ከመጣሁ አይቀር” የሚለው ሐሳብ ይመጣል። ሆዱም፣ ጡቱም፣ ስብ መምጠጡም በአንድ ቀን ይሁን ይባላል። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በቅናሽ ያቀርባል። በሰመመን ውስጥ የሚያልፈው ሰዓት በረዘመ ቁጥር ግን የደም መርጋቱም፣ የኢንፌክሽኑም፣ የደም መፍሰሱም ስጋት አብሮ ያድጋል። ስብ መምጠጥ ብቻውን እንኳ ከ5 ሊትር ካለፈ በሙያው ከፍተኛ መጠን ይባላል፤ ሆስፒታል አድሮ ክትትል ያስፈልገዋል። “አንዱን አሁን፣ ሌላውን ከወራት በኋላ” የሚል ሐኪም ከራሱ ገቢ እየቀነሰ የሚመክር ስለሆነ ጆሮ ሊሰጡት ይገባል።

ከሁሉ አስቀድሞ ከዝርዝሩ መውጣት ያለበት ደግሞ ከሆድና ከወገብ ስብ መጥጦ መቀመጫ ላይ መጨመር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የሙያ ማኅበራት ጥናት በዚህ ሥራ ከ3,000 ታካሚዎች አንድ ሰው ያህል እንደሚሞት ገምቶ ነበር፤ ለውበት ብቻ ለሚደረግ ነገር ይህ ከባድ ቁጥር ነው። የሞቱ መንገድ ግልጽ ነው። መርፌው ጡንቻው ውስጥ ከገባ ስቡ ወደ ትላልቆቹ የደም ሥሮች ይዘልቅና ልብና ሳንባን ይዘጋል። የእንግሊዝ የውበት ፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር በ2018 አባላቱ ሥራውን እንዲተዉት መከረ፤ በ2022 የፈቀደው ስቡ ከጡንቻው በላይ ብቻ እንዲገባ፣ ያም በአልትራሳውንድ እየታየ እንዲሆን ወስኖ ነው። የፍሎሪዳ ግዛት ደግሞ በዚያው ዓመት አንድ ሐኪም በቀን ከሦስት በላይ እንዳይሠራ ከለከለ። ክልከላው ለምን እንዳስፈለገ ማሰብ ይበቃል፤ በቀን ከዚያ በላይ የሚሠሩ ነበሩ ማለት ነው። ለዚህ ሥራ ባሕር መሻገርን በየትኛውም ዋጋ አልመክርም።

ፀጉር፦ የኢስታንቡል ገበያና የእኛ ፀጉር

በፀጉር ንቅለ ተከላ ኢስታንቡልን የሚያህል ከተማ የለም። ከራስ ቅሉ ኋላና ጎን የፀጉር ሥሮች በቀጭን ክብ መብሻ አንድ በአንድ ተነቅለው ፀጉሩ ወደ ሸሸበት ቦታ ይተከላሉ። ሆቴሉንና መኪናውን ጨምሮ ከ2,000 እስከ 4,000 ዶላር መጠየቅ የተለመደ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ለተመሳሳይ ሥራ ከ10,000 ዶላር በላይ መስማት አያስደንቅም። የተተከለው ፀጉር ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ይረግፋል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ከሦስት አራት ወር ጀምሮ ይበቅላል፤ ሙሉ ውጤቱ የሚታየው ዓመት ሲሞላ ነው። ክትትሉ በአብዛኛው በፎቶ ስለሚሆን ከርቀት ጋር ከሚስማሙት ጥቂት ሥራዎች አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገር ግን ክሊኒኮቹ የሚያሳዩት ፎቶ በአብዛኛው የአውሮፓና የአረብ ፀጉር ነው። ፀጉሩ ዞማ ወይም ሉጫ የሆነ ሰው ብዙም አያሳስበው። ከርዳዳ ፀጉር ግን ጥምዝ የሚለው ከቆዳ በላይ ብቻ አይደለም፤ ሥሩም ከቆዳ ሥር እንደ ማጭድ የታጠፈ ነው። ቀጥ ያለ ፀጉር የለመደ እጅ መብሻውን ቀጥ አድርጎ ሲያስገባ ሥሩን መሐል ላይ ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠው አይበቅልም፤ የተነቀለበትም ቦታ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሊጠይቁ የሚገባው “ስንት ሺህ ሥር ትተክላላችሁ?” ብለው ሳይሆን “ከርዳዳ ፀጉር ባለው ሰው ላይ የሠራችሁትን የዓመት ውጤት አሳዩኝ” ብለው ነው። እንዲያውም ከርዳዳ ፀጉር ጥምዝነቱ ቦታ ስለሚሸፍን ባነሰ ቁጥር ይበቃል። ራስዎን በቅርብ ሳያይ በአንድ ቀን 5,000 ሥር ቃል የሚገባ ክሊኒክ ከኋላ ያለውን ጥሪት እያሟጠጠ ነው፤ እሱ ደግሞ ተመልሶ የሚበቅል አይደለም።

ሌላው ጥያቄ መብሻውን የሚይዘው ማን ነው የሚለው ነው። በብዙ ክሊኒኮች ሐኪሙ በግንባር ላይ የፀጉሩን መስመር በእስክሪብቶ ይስልና ይሄዳል፤ ቀሪውን ስድስትና ሰባት ሰዓት የሚሠሩት ቴክኒሻኖች ናቸው። ዓለም አቀፉ የፀጉር ተከላ ሐኪሞች ማኅበር ፈቃድ በሌላቸው ሰዎች የሚሠራውን ይህን ዓይነት ሥራ በመቃወም ዘመቻ እስከ መክፈት ደርሷል። ቴክኒሻን መርዳቱ በራሱ ነውር አይደለም። ነውሩ ሐኪሙ በሌለበት ነቀላውና ቀዳዳ መክፈቱ ሲካሄድ ነው። ማን ምን እንደሚሠራ በስም በጽሑፍ ካልሰጡ ይተዉት።

ሹሩባ ያሸሸው ግንባር የራሱ ነገር አለው። ከልጅነት ጀምሮ ጠበቅ ተደርጎ የተሠራ ሹሩባ የፀጉሩን ሥር እየጎተተ ያደክመዋል። ቶሎ ከተደረሰበት አሠራሩን ማላላት ብቻውን ብዙ ይመልሳል። ቆይቶ ቆዳው ጠባሳ ከሠራ ንቅለ ተከላ ይቻላል፤ ነገር ግን ከተተከለ በኋላ በዚያው አሠራር የምትቀጥል ሴት የተተከለውንም ታጣዋለች። መሐል አናቷ ላይ የሚሳሳባት ሴት ደግሞ በቆዳ ውስጥ የተደበቀ ብግነት (የቆዳ መቆጣት) ሊኖርባት ይችላል፤ ያ ሳይበርድ መትከል ገንዘብ መጣል ነው። ይህን የሚለየው የቆዳ ሐኪም ነው፤ አንዳንዴም ትንሽ ቆዳ ተቆርጦ ይመረመራል። ለዚህ ኢስታንቡል መሄድ አያስፈልግም፤ አለርት ሆስፒታልን የመሰለ ለቆዳ ሕክምና የቆየ ተቋም እያለን የምርመራውን ነገር ከፀጉር ሻጭ አንጠብቅ።

ጠባሳ፣ ኬሎይድና አዲስ አበባ

ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው ከነጭ ይልቅ ለኬሎይድ፣ ማለትም ከቁስሉ ድንበር አልፎ ለሚያብጥ ጠባሳ፣ የተጋለጠ ነው። ለምክክር ሲገቡ ሦስት ቦታ ያሳዩ፦ ጆሮዎ የተበሳበትን፣ ትከሻዎ ላይ ያለውን የክትባት ጠባሳ፣ በቀዶ ወልደው ከሆነ የዚያን ስፌት። ከነዚህ አንዱ ከድንበሩ አልፎ ያበጠ፣ የሚያሳክክ፣ እያደር የሚያድግ ከሆነ ሆድዎ ላይ ከዳሌ እስከ ዳሌ የሚዘረጋው ስፌትም እንደዚያ ሊሆን ይችላል። ያላየው፣ ያልጠየቀውም ሐኪም ስለ ቆዳዎ አላሰበም።

ኬሎይድ በሳምንት ውስጥ አይታይም። ከወራት በኋላ፣ አንዳንዴም ከዓመት በኋላ ነው የሚመጣው፤ ታካሚው ያኔ ቤቱ ነው። ሕክምናውም በየአራት እስከ ስድስት ሳምንቱ የሚደጋገም የስቴሮይድ መርፌ ነው፤ ይህን ከኢስታንቡል የሚሰጥ የለም። በዚህ ምክንያት ጠባሳን፣ የቃጠሎ ምልክትን፣ የጆሮ ኬሎይድን ለማስተካከል ከአገር መውጣት ትርጉሙ አይገባኝም። የካቲት 12 ሆስፒታል በቃጠሎና በፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና የታወቀ ነው፤ እዚያ የሠለጠኑ ሐኪሞች በየቀኑ የሚያዩት እንደኛ ያለውን ቆዳ ነው። በአንጻሩ ለጡትና ለአፍንጫ ውበት ብቻ በብዛት የሠራ እጅ ለሚፈልግ ሰው አዲስ አበባ ያለው ምርጫ ጠባብ መሆኑን መሸሸግ አይገባም።

ቢሄዱም እንኳ አዲስ አበባ ያለውን ሐኪም ቀድመው ያግኙት። የምክክሩን ከፍለው “ውጭ ልሠራ ነው፤ ስመለስ ቁስሌን ታይልኛለህ?” ብለው ይጠይቁት። ሌላ ሰው የሠራውን ቁስል ለመረከብ የሚያመነታ ሐኪም ብዙ ነው፤ ሐቁንም ለእሱ መስጠት ይገባል፤ ምን እንደተቆረጠ፣ ምን እንደተሰፋ አላየም። ማመንታቱን ቁስሉ ካመረቀዘ በኋላ ከማወቅ ሳይሄዱ ማወቅ ይሻላል።

ሌዘርም ከዚሁ ይደመራል። ለነጭ ቆዳ የተመጠነ ብርሃን በጥቁር ቆዳ ላይ ሲያርፍ ቀለሙ ራሱ ሙቀቱን ይስበውና ያቃጥላል፤ ጥቁር ወይም ነጭ ጥላ ትቶ ይሄዳል። ፀጉር ለማስወገድ ከሆነ ለጠቆረ ቆዳ የተሻለ የሚባለው 1,064 ናኖሜትር የሆነው ኤንዲ ያግ ሌዘር ነው። መሣሪያው ምን እንደሆነ የማይነግርዎ ቦታ አይተኙ።

ከተሞቹ አንድ በአንድ

ኢስታንቡል ከአዲስ አበባ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የቱርክ ጤና ሚኒስቴር ከውጭ የሚመጣ ታካሚ ለሚቀበል ተቋም የተለየ የጤና ቱሪዝም ፈቃድ ይሰጣል፤ ክሊኒኩም አገናኝ ድርጅቱም ሊኖራቸው ይገባል፤ ይጠይቋቸው። ከሐኪሙ ስም ሥር የተጻፈውንም ያንብቡ። ልዩ ሐኪም የሆነው “ፕላስቲክ፣ ሬኮንስትሩክቲፍ ቬ ኤስቴቲክ ጀራሂ ኡዝማኒ” ይላል። “ሜዲካል ኤስቴቲክ” ብቻ የሚለው አጭር ሥልጠና ወስዶ መርፌና ሌዘር የሚሠራ ጠቅላላ ሐኪም ሊሆን ይችላል፤ ቢላዋ እንዲይዝ አይጠበቅም። የአውሮፓ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ቦርድን ፈተና ያለፉ ቱርካውያን ብዙ ስለሆኑ ከነሱ መምረጥ ይቻላል። የኢስታንቡል ድክመት ወረቀቱ ነው። የፈቃድ ቅጹ በቱርክኛ ተጽፎ በቀዶ ሕክምናው ጠዋት እንዲፈርሙ ይቀርብልዎታል፤ የሚተረጉምልዎት ደግሞ የሸጠልዎት ሰው ነው። ቅጹን በሚያነቡት ቋንቋ ከሳምንት በፊት ይጠይቁ፤ እንቢ ካሉ ያን ጊዜ ቲኬቱን ገና አልቆረጡም።

ባንኮክ ወደ ዘጠኝ ሰዓት የሚጠጋ በረራ ነው፤ ዋጋውም ከኢስታንቡል ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ለሆድ፣ ለጡት፣ ባጠቃላይ ሙሉ ሰመመን ለሚጠይቅ ሥራ ከአዲስ አበባ ለሚነሣ ሰው ግን የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ እሷ ናት። ምክንያቱ ውበቱ አይደለም። ትልልቆቹ የባንኮክ ሆስፒታሎች የልብ ሐኪሙም፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍሉም፣ የደም ባንኩም በአንድ ጣሪያ ሥር አላቸው። ሰመመን ላይ ያለ ሰው ልቡ ቢዛባ በአሳንሰር ነው የሚወሰደው፤ ሆቴል ሥር ካለ ክሊኒክ ግን አምቡላንስ ተጠርቶ በከተማው መጨናነቅ ውስጥ ነው። ባምሩንግራድ ሆስፒታል ጄሲአይ የተባለውን ዓለም አቀፍ የጥራት ዕውቅና እ.ኤ.አ. በ2002 ሲያገኝ ከእስያ የመጀመሪያው ነበር፤ ለሌላ ሕክምና ወደዚያ የሚሄድ ኢትዮጵያዊም ጥቂት አይደለም። ዕውቅናው የሚሰጠው ለሆስፒታሉ አሠራር ነው። የሐኪሙን እጅ አይመሰክርም፤ ስለዚህ ጄሲአይ የሚለውን ምልክት አይተው ስለ ሐኪሙ መጠየቅ አይተዉ።

ሕንድን ብዙዎች ለልብ፣ ለኩላሊትና ለካንሰር እንጂ ለውበት አያስቧትም፤ ይህ ይመስለኛል የተሳሳተው። የሕንድ ሐኪም ጠይም ቆዳን ያውቃል፤ ኬሎይድም የቆዳ መጥቆርም ለእሱ የዕለት እንጀራው ነው። በፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና የተመረቀ ሰው ከስሙ ቀጥሎ “ኤም ሲኤች” ወይም “ዲኤንቢ” ይጽፋል፤ በብሔራዊው የሕክምና ኮሚሽን መዝገብ ስሙ ይገኛል። ሆስፒታሎቹ ኤንኤቢኤች የተባለ የአገር ውስጥ ዕውቅና አላቸው። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ደግሞ የሕክምና ወረቀቱ በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው፤ አዲስ አበባ ያለው ሐኪም ሳይቸገር ያነበዋል። ሕንድ ለታካሚም ለአስታማሚም የተለየ የሕክምና ቪዛ አላት፤ በቱሪስት ቪዛ ተደብቆ መግባት ሲታመሙ ችግር ይጠራል። ዋጋዋም ከባንኮክ በታች ነው። ገንዘብ የሚያሳስበው፣ ጥሩ ሆስፒታል ግን የሚፈልግ ሰው ከኢስታንቡል በፊት ዴልሂን ወይም ሙምባይን ይመልከት።

ዱባይ በዋጋ ትጎዳለች፤ ለውበት በሚደረግ ሕክምና ላይ 5 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስም አለ። ይሁን እንጂ እዚያው ለሚኖር ሰው ከማንም ትበልጣለች፤ በሃያኛው ቀን ሐኪሙ ዘንድ በታክሲ ይሄዳል። እያንዳንዱ ሐኪም ከዱባይ ጤና ባለሥልጣን ፈቃድ ሊኖረው ስለሚገባ የፈቃዱን ዓይነት በስሙ ማጣራት ይቻላል። በሰው ቤት ለምትሠራ እህታችን ግን ከዋጋው የሚከብደው ዕረፍቱ ነው። ሆድ ከተሠራ በኋላ ለስድስት ሳምንት ያህል ከባድ ነገር ማንሣት አይቻልም፤ ባልዲ፣ ምንጣፍ፣ ሕፃን ልጅ ሁሉ ከባድ ነገር ነው። አሠሪዋ ያን ያህል ዕረፍት በጽሑፍ ካልሰጠቻት፣ ስፌቱ መጥበቂያ ጊዜ አያገኝም።

የደቡብ ኮሪያዋን ሴኡልን በአጭሩ ልለፋት። ለዓይን ሽፋንና ለአገጭ የተራቀቀች ናት፤ ታካሚው ከተኛ በኋላ ሌላ ሰው ገብቶ የሚሠራበት የማጭበርበር ልማድ ስላስመረራት ግን ከመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታካሚው ከጠየቀ በቀዶ ሕክምና ክፍሉ ካሜራ እንዲቀርጽ አገሪቱ በሕግ አስገድዳለች። በራሷ ሰዎች ፊት ላይ የተካነ ሐኪም በእኛ ፊትና ቆዳ ላይ የሠራውን ማየት ሳይቻል ግን ያን ያህል መንገድ መሄድ አይታየኝም።

ከአሜሪካ የሚነሡ ወገኖች

ዋሽንግተን ወይም አትላንታ ለሚኖር ሰው ቅርቡ ዶሚኒካን ሪፐብሊክና ሜክሲኮ ናቸው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2022 ድረስ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሄደው የውበት ቀዶ ሕክምና ካደረጉ በኋላ የሞቱ 93 አሜሪካውያንን መዝግቧል፤ በዝርዝር ከተመረመሩት ውስጥ አብዛኞቹን የገደላቸው የደም መርጋትና በደም ሥር የሄደ ስብ ነው። ከዚያችው አገር ማይኮባክቴሪየም አብሴሰስ የተባለ፣ በተለመደው መድኃኒት የማይበገር የቁስል ተሕዋስ ይዘው የተመለሱም በተደጋጋሚ ተገኝተዋል። በ2023 ደግሞ ማታሞሮስ በተባለችው የሜክሲኮ የድንበር ከተማ በጀርባ አጥንት በኩል ማደንዘዣ የወሰዱ ሰዎች በፈንገስ ማጅራት ገትር ተይዘው ከ10 በላይ ሞተዋል። እነዚህ ሰዎች የተበላሸ ሥራ አልገጠማቸውም፤ ሆዳቸው አምሮ ተሰፍቶ ሊሆን ይችላል። የገደላቸው በማደንዘዣው መርፌ የገባው ነው።

ይህን ያነበበ ሰው ማያሚን እንደ መጠጊያ እንዳያያት፤ ከተማዋ ያለችበት ፍሎሪዳ በመቀመጫው ሥራ ላይ ያንን የቀን ሦስት ክልከላ ያወጣችው በምክንያት ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚፈለገው የአሜሪካ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ቦርድ የምስክር ወረቀት ነው። “ኮስሜቲክ ሰርጀን” የሚለውን መጠሪያ ሌላ ሙያ የተማረ ሐኪምም ሊጠቀምበት ስለሚችል በመጠሪያው አይታለሉ። ውጭ ተሠርቶ የመጣን የውበት ቁስል ብዙ የጤና መድን አይሸፍንም፤ ድንገተኛ ክፍል ሕይወትዎን ያተርፋል፤ ሂሳቡ ግን ከጉዞው “ከተቆጠበው” ገንዘብ በብዙ ሊበልጥ ይችላል።

ዋጋውን እንዴት ማንበብ ይገባል

በዋትስአፕ ፊት ለፊትና በጎን የተነሡትን ፎቶ ይልካሉ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ዋጋ ይመጣል፤ ቅናሹ እስከ አርብ ብቻ ነው ይላል፤ ቅድሚያ ክፍያ እንዲልኩም ይጠየቃሉ። ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳር፣ ስለ ቀድሞ ቀዶ ሕክምና፣ ስለሚወስዱት መድኃኒት የጠየቀዎት የለም። ይህን መልእክት የጻፈው ኮሚሽን የሚታሰብለት ደላላ ነው፤ ሐኪም ፎቶውን አላየውም። ሐኪም ያየው ከሆነ መልሱ ብዙ ጊዜ ዋጋ ሳይሆን ጥያቄ ነው።

“ሁሉን ያካተተ” የሚለውን ቃል ይዘርዝሩልኝ ይበሉ። የደምና የልብ ምርመራው፣ ሆድን ጠብቆ የሚይዘው ልብስ፣ የአስታማሚው አልጋ፣ ቁስሉ ቢዘገይ የሚጨመረው ሆቴል፣ የቲኬት ለውጡ፣ ወደ ሌላ ሆስፒታል ቢላኩ የሚመጣው ሂሳብ አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ የሉም። “ነጻ ማረሚያ” የሚባለውም የሐኪሙን እጅ ብቻ ነው፤ በረራውና ሆቴሉ እንደገና ከኪስዎ ነው። ከአዲስ አበባ ለሚነሣ ሰው ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ከተተመነ በኋላ እነዚህ የዶላር ጭማሪዎች ቀላል አይደሉም። እኔ የምሠራበት ሂሳብ ይህ ነው፦ ከጥቅሉ ዋጋ ሌላ ግማሹን ያህል በእጅዎ ከሌለ ያ ጉዞ አቅምዎን አልፏል።

ሳይሳፈሩ

ከሆስፒታል ሲወጡ የቀዶ ሕክምናው ዝርዝር፣ የተሰጠው የሰመመን መድኃኒትና የአንቲባዮቲኩ ስም በእጅዎ ይኑር። ጡት ውስጥ የገባ ነገር ካለ የአምራቹና የመለያ ቁጥሩ ካርድ ግዴታ ነው። ፒአይፒ የተባለው የፈረንሳይ አምራች ለሕክምና ባልተፈቀደ ሲሊኮን የጡት መሙያ ሲሠራ መቆየቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲታወቅ፣ በ2019ም ሌላው አምራች አለርጋን ሸካራ ገጽ ያላቸውን የጡት መሙያዎቹን ከገበያ ሲሰበስብ፣ ካርዱ ያልነበራቸው ሴቶች ውስጣቸው ያለው የቱ እንደሆነ በቀላሉ ማወቅ አልቻሉም።

ሲጋራ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት ይቁም፤ ኒኮቲን የቆዳውን ደም ስለሚያሳጣ የተሰፋው ጠርዝ ሊሞት ይችላል። ጫት የሚቅሙ ሰዎች ለሰመመን ሐኪሙ መንገር አለባቸው፤ ጫት ያልሰማ ሐኪም ብዙ ስለሆነ ልብ ምትንና ግፊትን የሚጨምር ቅጠል መሆኑን ያስረዱት። ቁስል ለመዳን ፕሮቲን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቀዶ ሕክምናው ዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ እንዳይውል ቀኑን ያስሉ፣ ወይም የንስሐ አባትዎን አስቀድመው ያማክሩ።

አንድ ነገር አለ፤ በእኛ ዘንድ ጎልቶ የማየው ነው። ብዙ ሰው ለቤተሰቡ “ለሥራ ነው”፣ “ለዕቃ ነው” ብሎ ይሄዳል። ሐሜቱን መፍራቱ ይገባኛል። ነገር ግን ኢስታንቡል ውስጥ ራሱን የሳተ ሰው የት እንዳለ ዘመዱ ካላወቀ ማንም አይደርስለትም። ምሥጢሩን መጠበቅ የሚፈልግ ለአንድ ሰው ብቻ ይንገር፤ የሆስፒታሉን አድራሻ፣ የሐኪሙን ስልክ፣ የደም ዓይነቱንና የማይስማማውን መድኃኒት ጽፎ ይተውለት፤ የፓስፖርቱን ቅጂም ይጨምርበት።